አፈር ስሆን

እናቴ እንግዳ «ጠገብኩ» ሲላት አምና አታውቅም። ጉርሻውን ጠቅልላ፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ በግራዋ ክርኗን ደግፋ «አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ» ትላለች። በልጅነቴ ቃሉ ያስፈራኝ ነበር። አፈር ሲነሳ የምሰማው በሁለት ቦታ ነበርና፤ በእርግማንና በቀብር። «አፈር ብላ» የሚባለው የተጠላ ነው። «አፈሩን ገለባ ያድርግላት» የሚባልላት የሞተች ናት። ታዲያ እናቴ፣ ሰው አንድ ጉርሻ እንዲጨምርላት ብላ፣ በገዛ አፏ አፈር ልሁን የምትለው ምን ሆና ነው?

ቃሉ የገባኝ እሷ ካረፈች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያስገባኝም መጽሐፍ አይደለም፤ የጓሮዬ ጥቅል ጎመንና የጎረቤቴ የየኔታ አንድ ጥያቄ ናቸው።

የምኖረው ሆለታ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ደጋ። አፈሩ ቀይ ነው፤ በክረምት ጫማ ላይ ተለጥፎ አይለቅም፣ በበጋ ነጠላ ያቀላል። በ1976 ዓ.ም. በአንድ የአፈር ላቦራቶሪ በቴክኒሺያንነት ተቀጠርኩ፤ 34 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን 20 ዓመታት ያህል ሥራዬ ናሙና መቀበል፣ አድርቆ መውቀጥ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት መንፋትና መመዘን ነበር። አፈር ለእኔ ቁጥር ነበር፤ አሲዱ ይህን ያህል፣ ፎስፈረሱ ይህን ያህል። አሁን ሳስበው አፈር መረመርኩ ስል የመረመርኩት የአፈር ሬሳ ነው። ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ በሚቀርብ ነገር ውስጥ የነበረው ሕይወት አብዛኛው እጄ ሳይደርስ አልቋል።

ወደ ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ስዛወር ነው ሕያዋኑን ያየሁት። አንድ ቀን የወተት መልክ ያለው ምግብ የረጋበት ሳህን ሰጡኝ። ነጩ ነገር በውሃ የማይሟሟ ካልሲየም ፎስፌት ነው። ከተክል ሥር የተወሰደ ባክቴሪያ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አድርገንበት ማሞቂያው ውስጥ ተውነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስከፍተው በእያንዳንዷ የባክቴሪያ ነጥብ ዙሪያ ነጩ ጠርቶ ቀለበት ሠርቷል፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ የሚሣለውን ይመስላል። ባክቴሪያው አሲድ አውጥቶ፣ ሥር ሊበላው የማይችለውን ማዕድን አሟምቶታል። ሌላውን ዓይነት፣ ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ የሚባለውን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራ ቫዮሌት መብራት ስናየው ሳህኑ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። የሚያበራው ብረት እየያዘ የሚያመጣበት ኬሚካል ነው። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ራት ሳልበላ ተኛሁ። ምን እንደሆንኩ ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ባሲለስ ሳብቲሊስ የተባለ የአፈር ባክቴሪያ በከሰል ዱቄት ለውሶ በትንሽ ከረጢት ሰጠኝ። 40 የጥቅል ጎመን ችግኝ ነበረኝ። ዱቄቱን በጥላ ሥር በጥብጬ፣ የ20ዎቹን ሥር ነክሬ በአንድ መደብ ተከልኩ። 20ዎቹን ንጹሕ ውሃ ብቻ ነክሬ ከጎኑ ባለው መደብ ተከልኩ። ኖራው፣ ፍጉ፣ ውሃው ለሁለቱም እኩል ነው።

የኔታ የዜማ መምህር ናቸው። ጓሮዬ ከደብሩ አጥር ጋር ይዋሰናል። ጎመን ሲደርስ ለተማሪዎቻቸው እልካለሁ፤ እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ጎራ ብለው መደቡን ሳይመርቁ አይሄዱም። ከተከላው ሁለት ወር ሲሆነው አንድ ቅዳሜ መጥተው በሁለቱ መደቦች መካከል ቆሙ።

«ይሄኛው ምን ቢቀባ ነው እንዲህ የሰባው?»

«ሕያው ማዳበሪያ ነው የኔታ።»

«ምን አልሽኝ?»

«ሕያው ማዳበሪያ ይሉታል። እንደ ዳፕና እንደ ዩሪያ አይደለም፤ ሕይወት አለው። በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው።»

«ባክቴሪያ የበሽታ ስም አይደለም እንዴ?»

«ሁሉም አይደለም የኔታ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያው ልጄ፣ ይህን ጎመን ያበቀለው ማን ነው? እኛ በቅዳሴ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ምድር ፍሬ ስንለምን የምንለምነው ማንን ነው?» አሉኝ።

እየቀለዱ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አልቀለዱም። መልስ አልነበረኝምና አንዱን ጎመን ነቅዬ ሰጠኋቸው። ይዘው ሄዱ፤ ጥያቄውን ግን ትተውልኝ ነው የሄዱት።

ጥያቄውን ለመመለስ መጀመሪያ መደቡ ውስጥ የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1904 ሎሬንዝ ሂልትነር የተባለ ጀርመናዊ፣ በሥር ዙሪያ ያለችው ስስ የአፈር ሽፋን ከሌላው አፈር የተለየች መሆኗን አይቶ ሪዞስፌር የሚል ስም አወጣላት። የተለየችበት ምክንያት ግብዣ ነው። ተክል በቅጠሉ ከፀሐይ ሠርቶ ያገኘውን ስኳር ሁሉ ለራሱ አያስቀርም። ቀላል የማይባለውን ድርሻ በሥሩ በኩል ወደ አፈር ያፈስሳል፤ ስኳር፣ አሲድ፣ አሚኖ አሲድ። ደቦ የጠራ ገበሬ አስቀድሞ ጠላ እንደሚጠምቅ ነው። የጠራቸውም ይመጣሉ። አንዱ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል። አንዱ ብረት ያቀብላል፤ ብረቱንም ቀድሞ ስለሚይዘው ለበሽታ አምጪው ሻጋታ ሳይተርፍ ይቀራል። አንዱ ኢንዶል አሴቲክ አሲድ የሚባለውን፣ ተክሉ ራሱ ለዕድገት የሚሠራውን ዓይነት ሆርሞን ሠርቶ ሥሩን ያበዛዋል። የእኔው ባሲለስ ደግሞ ሻጋታን የሚጎዱ ቅመሞች ያመነጫል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ጠንካራ ዘር ሆኖ ተሸፍኖ ይተኛል፣ ሲመቸው ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 ክሎፐርና ሽሮዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የሥር ባክቴሪያ ዕድገት እንደሚያግዝ ራዲሽ በሚባለው የሥር አትክልት ላይ አሳይተው «ዕድገት አጋዥ የሥር ባክቴሪያዎች» የሚለውን ስም ሰጧቸው።

ሰው ግን እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይስታል። ጎመን ባቄላ አይደለም። ባቄላና ሽምብራ በሥራቸው እባጭ ውስጥ ሪዞቢየምን አስጠግተው ናይትሮጅን ከአየር ያስቀዳሉ፤ ቤይሪንክ የተባለው ሆላንዳዊ ያንን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1888 ለይቶታል። ጎመን እንዲህ ያለ እባጭ የለውም፤ ናይትሮጅኑን ከፍግ ወይም ከዩሪያ ይፈልጋል። ባክቴሪያው የጎመንን ሥር ያግዛል እንጂ የፍጉን ቦታ አይተካም። ፍግ አልሰጥም፣ ከረጢቱ ይበቃኛል የሚል ሰው ጠላ ሳይጠምቅ ደቦ የጠራ ነው።

አሁን ወደ የኔታ ጥያቄ ልመለስ። ሁለት ፈጣን መልሶች አሉ። የመጀመሪያው የአንዳንድ ጎረቤቶቼ ነው፤ «እግዚአብሔር አበቀለው፣ ምን ያመራምርሻል?» ሁለተኛው የልጄ ነው። ልጄ አዲስ አበባ መሐንዲስ ነው። በስልክ ስነግረው ሳቀና «እማዬ፣ ምስጋናውን ለባሲለስ ላኪው፤ አድራሻው ይታወቃል» አለኝ።

ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የተሳሳቱት አንድ ቦታ ነው። እኔ የሚዛን ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በሁለት ሳህን ሚዛን ሠርቻለሁ፤ ሚዛን የሚሠራው የሚነጻጸሩት ነገሮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። አፈርን ከናስ ጋር እመዝናለሁ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸውና። ጎረቤቶቼና ልጄ ግን ፈጣሪን በአንዱ ሳህን፣ ባክቴሪያን በሌላው አስቀምጠው የትኛው እንደሚደፋ ያያሉ። ለባክቴሪያው አንድ ግራም ሲጨመር ከፈጣሪ አንድ ግራም የሚቀነስ ይመስላቸዋል። እንዲህ ከሆነ ጎረቤቶቼ እውቀትን መፍራታቸው ትክክል ነው፤ ልጄም መሳቁ ትክክል ነው። እንዲህ ግን አይደለም። እናቴ እንጀራ ስትጋግር እርሾው ነው ሊጡን ያቦካው። ከቡሃቃው ሥር እርሾ ካላስቀረች ሊጡ በወጉ አይቦካላትም። ይሁንና እንጀራውን ማን ጋገረው ብሎ በእናቴና በእርሾው መካከል ዳኛ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። እርሾው በሚሠራው ልክ የእናቴ ሥራ አልቀነሰም፤ በእርሾው በኩል ነው የሠራችው።

ይህን ለየኔታ ነገርኳቸው። ወደዱት፤ ግን አልጠገቡም። ሳምንት ቆይተው በራሳቸው መንገድ መጡ። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ፍጥረታት 22 ናቸው፤ ከእሑድ እስከ ዓርብ ተቆጥረው ያልቃሉ። የማክሰኞዎቹ ሦስት ናቸው፤ አዝርዕት፣ አትክልት፣ ዕፅዋት። «ያንቺን ፍጥረት ፈልጌ አጣሁት» አሉኝ እየሳቁ። «ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ማክሰኞ ፈጣሪ ሣሩን በእጁ አልተከለም። ያዘዘው ምድርን ነው፤ አንቺ አብቅዪ ብሎ። ምድር ታዘዘች። ስትታዘዝ ብቻዋን ነበረች ያለሽ ማን ነው?»

እኔ ዘፍጥረትን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ትእዛዙ ለምድር እንደተሰጠ ግን አንድም ቀን አላስተዋልኩም። ማብቀል ከላይ ወደ ታች የወረደ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ለአፈር የተሰጠ አደራ ነው። ባለአደራዎቹ በዓይን አይታዩም፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ ጥሩ አፈር ውስጥ ግን ከመቶ ሚሊዮን እስከ ቢሊዮን ይሆናሉ። የማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 4 የሚነግረን ገበሬም አለ፤ ዘርቶ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ አያውቅም። እኔ ከዚያ ገበሬ ጥቂት የበለጠ አውቃለሁ። ይህን ስላወቅኩ ግን እሱ ከተኛበት ሌሊት የእኔ ሌሊት አላጠረም። እኔም ስተኛ ነው የሚያድገው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ድንቼ ጠወለገ።

የድንቹን ዘር የገዛሁት ከገበያ፣ ከማላውቀው ነጋዴ ነበር። አበባ ሊያወጣ ሲል አንድ ቀትር ላይ ተክሉ ቅጠሉ ሳይቀላ፣ ሳይበላ፣ ውሃ እንደተጠማ ሆኖ ተኛ። አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ግንዱን ቆርጬ ጠርሙስ ብርጭቆ ውስጥ በንጹሕ ውሃ አንጠለጠልኩት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከተቆረጠው አፍ ወተት የመሰለ ክር እየተሳበ ወደ ታች ወረደ። አወቅኩት። ራልስቶኒያ ሶላናሲየረም፤ አጠውልግ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ክሩ ሁሉ ባክቴሪያ ነው። በተክሉ የውሃ መተላለፊያ ውስጥ ተባዝቶ፣ ደፍኖ፣ አስጠምቶ ይገድለዋል። መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ ማቃጠልና መሬቱን ለዓመታት ከድንች፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ማሳረፍ ነው።

ልጄ ይህን ሲሰማ አልሳቀም። «እሺ እማዬ፣ ጎመኑን ያበቀለው እግዚአብሔር ከሆነ ድንቹን ያደረቀው ማን ነው?» አለኝ።

ጥያቄው የልጅ ጨዋታ አይደለም። እንዲያውም እሱ ከሚያውቀው በላይ ይከብዳል። ይህ ገዳይ ባክቴሪያ ረጅም ዘመን ሱዶሞናስ ሶላናሲየረም ይባል ነበር፤ ራልስቶኒያ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ እንደ ጧፍ ያበራልኝ ያ ደጉ ባክቴሪያም ሱዶሞናስ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ረጂውና ገዳዩ በመዝገብ ላይ አንድ የቤት ስም ነበራቸው። ሁለቱም ሥር ይወዳሉ፤ ሁለቱም ተክሉ የሚያፈሰውን ተከትለው ይመጣሉ። ግብዣው ለአንዱ ተሰናድቶ ሌላው ቢገባ በሩ አንድ ነው።

የኔታ የእንክርዳዱን ምሳሌ ነገሩኝ። አከብረዋለሁ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ አላጠገበኝም። እንክርዳዱን ጠላት ሌሊት መጥቶ ዘርቶታል። የእኔን መደብ የዘራው እኔ ነኝ። ሦስት ወቅት በተከታታይ ድንች በድንች ላይ ተክያለሁ፤ ዘሩን ሳልመረምር በርካሽ ገዝቻለሁ። እኔ ቴክኒሺያን ሆኜ! ከክፋቱ ግማሹ የእጄ ሥራ ነው፤ አፈሩን ከልዩ ልዩ ሕይወት አራቁቼ ለአንዱ ወራሪ ሜዳውን ለቅቄለታለሁ። ግማሹ ግን የእጄ ሥራ አይደለም። ባክቴሪያው እኔ ሳልወለድም ነበር፤ እንደ እኔ ያላጠፋችውን፣ ልጆቿን በድንች የምታሳድገውን ሴት ማሳም ያደርቃል። ለዚያኛው ግማሽ መልስ የለኝም። መልስ እንዳለኝ አስመስዬ ብጽፍ ሚዛኑን በጣቴ መጫን ይሆናል። ሃይማኖቴ ግን ያ ጎዶሎ እስኪሞላ ምስጋናዬን እንዳቆም አይጠይቀኝም። ለልጄ ያልኩት ይህን ነው፦ «ላልተመለሰልኝ ጥያቄ ብዬ የበላሁትን ጎመን አልክድም።»

በማግስቱ ዓመት ሌላ ትምህርት መጣ። ጎመኑ ስለተሳካልኝ ኮራሁ። ለጎረቤቶቼ ሳይቀር «አፈር ላስተምራችሁ» ማለት ጀምሬ ነበር። ከረጢቱን ወጥ ቤት መስኮት ላይ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በሚያርፍበት፣ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ስተክልም ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ ሳላሳድር በቀጥታ በጠበጥኩበት። ለጀማሪ ተማሪ የምከለክለውን ሁሉ እኔው አደረግኩት። ሁለቱ መደቦች እንደ መንታ እህትማማቾች አንድ ሆነው አደጉ፤ ልዩነት የለም። የኔታ መጥተው አዩና «ዘንድሮስ ያላበቀለው ማን ነው?» አሉኝ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ስሕተቱ በእርግጥ የእኔ ነበር። ግን ባላጠፋም ኖሮ ላይሠራ ይችል ነበር፤ ይህን የሚሸጥ ሰው አይነግራችሁም እንጂ የምናውቅ እናውቀዋለን። በሳህኔ ላይ ቀለበት የሠራው ባክቴሪያ ያሟሟው በካልሲየም የታሰረ ፎስፈረስ ነው። የሆለታ ቀይ አፈር ፎስፈረሱን ያሰረው በብረትና በአሉሚኒየም ነው፤ ያ ገመድ ይጠብቃል። በዚያ ላይ የእኔ ከረጢት እንግዳ ናት። መሬቱ ከጥንት የኖሩበት ባለርስቶች አሉት፤ እንግዳውን ይገፉታል፣ ይበሉታል፣ ቦታ ይነሱታል። አፈሩ አሲድ ከሆነና ምግብ ከሌለው ደግሞ እንግዳው ቶሎ ይሞታል። ያ የመጀመሪያው ዓመት ልዩነትም ቢሆን 20 ጎመን በ20 ጎመን ላይ ነው፤ ምርምር አይባልም። ከዚያ መማር የቻልኩት አንድ ነገር ነው፦ የሚሰክነው፣ የሚሠራው፣ የሚቀረው ሕይወት ከከረጢት የሚወጣው ሳይሆን በምግብ የሚያዘው ነው። ኖራ ወይም አመድ አሲዱን ያረግባል፤ ፍግና ብስባሽ ይመግባል፤ መደብ ማፈራረቅ ወራሪውን ያስርባል። ከረጢቱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ነው።

ለየኔታ የቀረብኝን መልስ እዚህ ነው ያገኘሁት።

ልጄ በአንድ ነገር ትክክል ነው። «እግዚአብሔር አበቀለው» ማለት የጎመኑን ክብደት በአንድ ግራም አይለውጠውም። ሚዛኔ ላይ የሚታይ ምንም አይጨምርም። ታዲያ ቃሉ ምን ይሠራል? የሚለውጠው እኔን ነው። «እኔ አበቀልኩት» የሚል ሰው ለማንም ዕዳ የለበትም፤ ሸጦ፣ በልቶ፣ ዘግቶ ይተኛል። «ተሰጠኝ» የሚል ሰው ባለዕዳ ነው። ባለዕዳ ደግሞ የሚከፍልበት ቦታ ያስፈልገዋል። ፈጣሪ ፍግ አይበላም፤ የድንች ልጣጭ አይፈልግም። ፍግ የሚፈልገው፣ ልጣጭ የሚበላው ማክሰኞ አደራ የተቀበለው አፈር ነው። ስለዚህ ለላይኛው የሚገባው ምስጋና መንገዱ በታች በኩል ነው። በቅዳሴ ስለ ምድር ፍሬ አሜን ብሎ ወጥቶ፣ መሬቱን ዓመት ከዓመት እያጎደለ የሚያርስ ሰው ምስጋናው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህን ስል ኩበት ጠፍጥፋ የምታነድደውን ጎረቤቴን አልወቅስም፤ ሌላ ማገዶ የላትም፣ ልጆቿ ደግሞ ጥሬ አይበሉም። የምወቅሰው መምረጥ እየቻለ የማይመልሰውን ነው፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዋ ለብዙ ዓመት እኔ ነበርኩ። 34 ዓመት ከአፈር ናሙና ወሰድኩ፤ አንድ ቁና ብስባሽ መልሼለት አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባክቴሪያ ዕድሜው አጭር ነው። ሲሞት፣ ወይም ሌላ ትንሽ ፍጥረት ሲበላው፣ በገላው ይዞት የነበረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይለቀቅና ለሥሩ ይሆናል። ጎመኑ ከሚበላው ውስጥ በሕይወት ሲሠሩ ያቀረቡለት ብቻ ሳይሆን ሞተው የሆኑለትም አለበት። ይህን በላቦራቶሪ ዘመኔ ሁሉ አውቀው ነበር፤ በፈተናም ጽፌዋለሁ። አንድ ማታ ብስባሽ ስገለብጥ፣ ጭሱ እንደ ቡና ወጥቶ ፊቴን ሲመታኝ፣ የእናቴ ድምፅ በጆሮዬ መጣ።

አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ።

ራሷን መርገሟ አልነበረም። ሞትንም መጥራቷ አልነበረም። እኔ ቁጥር መስሎኝ ለ20 ዓመት የወቀጥኩትን ነገር እሷ ፊደል ሳትቆጥር ምን እንደሆነ ታውቀው ነበር፤ አፈር ማለት ሌላው እንዲበላ የሚሆን ማለት ነው። ስትሞት «አፈሩን ገለባ ያድርግላት» ብለን ቀበርናት። አሁን ግን አፈሩ ይከብዳት ይሆን ብዬ አልሰጋም። ወደ ማን እንደሄደች አውቃለሁ፤ በምን በኩል እንደሄደችም አውቃለሁ።

የኔታ ዘንድሮ አርጅተዋል፤ ወደ ጓሮዬ የሚልኩት ተማሪ ነው። መልሴን በእሱ በኩል ላክሁላቸው፦ «ያበቀለው አንዱ ነው፤ ያዘዘው ምድርን ነው፤ የታዘዙት አይቆጠሩም፤ ዕዳው የእኔ ነው።» ተማሪው በቃሉ ይዞ ሄደ። ሲመለስ የየኔታን መልስ ይዞ መጣ፤ «ዕዳሽን ክፈዪ» ብለዋል።

እናንተም የጓሮ መሬት ካላችሁ፣ ስንዝርም ትሁን፣ ዛሬ የላጣችሁትን ልጣጭ ወደ ቆሻሻ ገንዳ አትጣሉት። ጥግ ላይ ክመሩት፤ ቅጠል፣ አመድና ጥቂት አፈር ጣል አድርጉበት፤ እርጥበቱን ጠብቁለት። በዓይን የማታዩአቸው ይመጣሉ።